ያለዘብኩት ቃል

ሰኞ

ዋሸሁ። በሐኪሟም፣ በእናትየዋም፣ በልጅቷም ፊት ተቀምጬ ዋሸሁ፤ አንዳቸውም አልነቁብኝም።

ራኒያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከእናቷ ከሰልማ ጋር ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው መጥተው ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተዋል። አማርኛ አይችሉም። እኔ ጅዳ ስሠራ ዐረብኛ ስለለመድኩ የሕፃናት የአእምሮ ክሊኒክ ይዣቸው ሄድኩ። ሰልማ፣ «ከሞተው አባቷ ጋር ታወራለች። ጠርቶኛል፣ ልሄድ ነው ትለኛለች» አለች። እኔ ምን ብዬ ተረጎምኩ? «አባቷ በጣም ናፍቋታል።»

ሐኪሟ ጻፈች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኑ አለች።

ማክሰኞ

የድለላ ልማድ ነው። አንዋር መስጊድ አካባቢ ጨርቅ ሳሻሽጥ ገዢው «ይሄ ቆሻሻ ነው» ካለ፣ ለሻጩ «ቀለሙ ትንሽ አልጣመውም» እላለሁ። እንዲህ ባላደርግ ስንቱ በተፈነካከተ! ግን ልጅ የጨርቅ ጣቃ አይደለችም።

ደግሞ ፈርቻለሁ። አክስቴ አማኑኤል ሆስፒታል አንድ ወር ተኝታ ድና ወጣች፤ እስክትሞት ድረስ ግን ስሟ «ያቺ እብድ» ነበር። ራኒያን እንዲህ ቢሏትስ?

ረቡዕ

ራኒያ ጠፍታ ነበር!

ሰልማ ልብስ ስታሰጣ ልጅቷ ወጥታ ሄዳለች። ሰባተኛ ሰፈር፣ አስፋልቱ መሃል አገኘኋት። አይሱዙው ጥሩምባውን ይነፋል፣ ተሸካሚው ይሳደባል፣ እሷ ፍንክች አትልም። ጎትቼ አወጣኋት። «አባዬ እኮ ማዶ ነው» አለችኝ፣ ረጋ ብላ። መረጋጋቷ ነው ያስፈራኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ለሰልማ ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷን አዞረችብኝ፤ መብቷ ነው። ለሐኪሟ ደወልኩ። «ነገ በጠዋት አምጧት። እስከዚያ ለአፍታም ብቻዋን እንዳትተዋት» አለችኝ።

ተራ ገባን። ሰልማ ስትደክም እኔ ራኒያ አጠገብ እቀመጣለሁ።

ሐሙስ

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ እሱ ባሰብኝ። «እትዬ ዘይነብ፣ ዛሬ እንደወረደ ይንገሩኝ። ስድብም ቢሆን።»

እንደወረደ ነገርኳት። ሰልማ ቁርአን እንደምትቀራባት፣ አንድ ሼህ የተቀራበት ውሃ እንደሰጧቸው ሳይቀር። «ቢከለክሉንስ ብለን ደብቀን ነበር» አልኳት። «ለምን እከለክላለሁ? የሚያረጋጋት ከሆነ ይቀጥሉ፤ እዚህም እየመጣችሁ» አለች። ሰልማ ይህን ስተረጉምላት ትከሻዋ ወረድ አለ።

ከዚያ ሐኪሟ ወለሉ ላይ ከራኒያ ጎን ተቀመጠች። «አባትሽ ሲጠራሽ ምን ይልሻል?» አለቻት፤ ተረጎምኩላት።

ራኒያ መለሰች፦ «እጄን ለምን ለቀቅሽ ይለኛል።»

ምላሴ ሊያለዝበው ዳዳ። አልፈቀድኩለትም፤ ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሰልማ ግን እኔን አልጠበቀችም፤ ልጇን አቅፋለች። «አንቺ አይደለሽም የለቀቅሽው። አይቻለሁ። እንድትሮጪ ብሎ እሱ ነው የለቀቀሽ።»

እውነቷን ይሁን ለማጽናናት አላውቅም፤ አልጠየቅኳትምም። ራኒያ አለቀሰች፣ እዚህ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጮክ ብላ። ሐኪሟ ዝም በሏት፣ ታልቅስ አለችን። ቅዳሜ እንመለሳለን።