ታሪክ ፍለጋ ወደ ወፍጮ ቤትህ

ይበልጣል ዓለሜ፣

እንደምን አለህ እንዳልልህ መልስ አልጠብቅም፤ እንደምን አለሽ ብትለኝ ግን የምነግርህ ብዙ ነው። ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ፍኖተ ሰላም እንደተውካት ናት ልልህ ነበር፤ አይደለችም። በራችን ላይ የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጧል። ጎረቤታችን ጣሪያዋን አድሳ ቆርቆሮው ጠዋት ጠዋት ዓይኔን ያጥበረብረዋል። ልጃችን ስመኝ ቡሬ ላይ ወልዳለች፤ ልጁ ጆሮው ያንተው ነው፣ ሁለት መዳፍ ያህላል። እኔ አሁንም መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አነባለሁ።

የማታውቀው ነገር ቢኖር መጻፍ መጀመሬን ነው። አትሳቅ። ስመኝ ቡሬ ውስጥ ወር በገባ ቁጥር የሚሰበሰቡ መጽሐፍ ወዳዶች ዘንድ ወሰደችኝ። አጫጭር ታሪክ እየጻፉ አንዱ ለሌላው ያነባል። እኔም ሁለት ጻፍኩ፤ አጨበጨቡልኝ። ደስ ብሎኝ ለጥቅምቱ ስብሰባ ሦስተኛ ታሪክ አመጣለሁ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ባዶ ሆንኩ።

ባዶ ስልህ የእውነት ነው። "ዝናብ ይዘንባል" ብዬ እጀምራለሁ፤ ዝናቡ ይዘንባል፣ ይዘንባል፣ ከቤት የሚወጣ ሰው የለም። መናኸሪያ ሄጄ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ተሳፋሪ ሳይ ዋልኩ። ሁሉም ወደየሚሄድበት ሄደ፣ እኔ ራስ ምታቴን ይዤ ተመለስኩ። ስመኝ ደግሞ ስልኳ ላይ ዘዴ አገኘሁልሽ ብላ ሦስት ቃል በዕጣ አወጣችልኝ፤ ቁልፍ፣ ድልድይ፣ እንግዳ። እንግዳው ቁልፉን ይዞ ድልድዩ ላይ ወጣ። እስካሁን አልወረደም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ የአክስትህ ባል ገበዝ ማርያም መንደር ውስጥ አረፉ። ለቅሶ ሄድኩ። በየለቅሶው ሙሾ የሚያወርዱትን እማማ አንጓችን ታስታውሳቸዋለህ። ሰው ሳይሰበሰብ ቀድመው መጥተው ቤተሰቡን ሲጠያይቁ አገኘኋቸው። አክስትህን "ከውጭ ሲገባ መጀመሪያ ምን ይል ነበር?" ይላሉ። ጎረቤቱን ጠርተው "በምን ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?" ይላሉ። ሰዎቹ በእንባ መሃል እያሰቡ ይመልሳሉ። ኋላ ድንኳኑ ውስጥ ቆመው፣ ሟቹ ለላማቸው ጨው ሲሰጡ መጀመሪያ እሳቸው ይቀምሱላት እንደነበር በዜማ ሲያወርዱት፣ እስከዚያ ዓይኑ ያልራሰ ወንድ ሁሉ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

እኔ ያለቀስኩት ግን ለሌላ ነው። ያንተ ለቅሶ ዕለት እኔንም ጠይቀውኝ ነበር። አጠገቤ ቁጢጥ ብለው፣ "ልጄ፣ ሰውዬሽ እንዴት ያለ ሰው ነበር?" አሉኝ።

"ምን እላለሁ እማማ፣ ደግ ሰው ነበር" አልኩ።

ሌላ እንድጨምር ጠበቁኝ። ተነሥተው ሄዱና አንበሳው፣ ጋሻው እያሉ ለማንም የሚባለውን አሉልህ። ውሻ ሲጮህ ከኋላዬ የምትደበቀውን አንተን፣ አንበሳ! እኔ፣ መጽሐፍ ውስጥ ያለች ሴት ለሠርጓ የለበሰችውን ከነቀለሙ የምናገር ሰው፣ አብሮኝ ላረጀው ባሌ አንዲት ነገር አጣሁለት። ይህን ለስመኝ እንኳ ሳልነግራት ይዤው ኖርኩ።

ለምን እንዳጣሁ አውቃለሁ። ማታ ዱቄት ለብሰህ ትገባለህ። የወፍጮው ሞተር ጆሮህን ስላደከመው፣ የቀኑን ወሬ እየጮህክ ታወራልኛለህ። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ እኔ ብቻ አልሰማም። ዓይኔ ገጹ ላይ ነው፤ "እሺ" እላለሁ፣ "እሺ"። አንድ ቀን ታዲያ በወሬህ መሃል፣ "ከዚያማ ወፍጮው ክንፍ አውጥቶ ፈረስ ቤት ከተማ ሄዶ አረፈ" አልከኝ። "እሺ፣ ደግ አደረገ" አልኩህ። እስኪያስልህ ድረስ ሳቅህ። በማግስቱ ለጎረቤት ሁሉ ነገርክብኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቀስተኛው ሲበተን ሄጄ እማማ አንጓች አጠገብ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ለምን ዝም ብለውኝ እንደሄዱ ጠየቅኳቸው።

"ልጄ፣ ሙት ሁሉ ደግ ነው። ደግ ካልሽኝ ምኑን ላልቅሰው?" አሉኝ።

ነገሩን ለመለወጥ ያህል መጻፍ እንደጀመርኩ፣ አሁን ግን የምጽፈው እንደጠፋብኝ ነገርኳቸው። በለቅሶ ቤት ከት ብለው ሳቁና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። "ማንን ጠይቀሽ ነው ያጣሽ?" አሉ። የመናኸሪያውን ተሳፋሪ ከሩቅ አየሁት እንጂ አንዱንም ወዴት ነህ አላልኩትም።

ቅዳሜ ጤፌን አሸክሜ ወፍጮ ቤትህ ሄድኩ። ካንተ ወዲህ በዚያ በር አልፌ አላውቅም፤ የማስፈጨው ሌላ ቦታ ነበር። ወረፋ የያዙትን ሴቶች እንደ እማማ አንጓች ጠየቅኳቸው። ይበልጣል ሲቆጣ ምን ይል ነበር? በምን ይስቅ ነበር? መጀመሪያ ተፋፈሩ። ከዚያ አንዷ፣ "እኔ ከሩቅ ነው የምመጣ። ቀን ሳለ እንድገባ የኔን ያስቀድምልኝ ነበር። ሌሎቹ ወረፋችን ብለው ሲጮኹበት እንዳልሰማ ይሆናል" አለች።

"ውይ! እኛስ እውነት አይሰማም ብለን ስንት ጊዜ ጉሮሯችንን ጨረስን!" አለች ከኋላዋ ያለችው፤ ወረፋው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ሳያልቅ አንዲት ጠና ያለች ሴት ክንዴን ያዘችኝ። "ይልቅ አንቺ፣ ያችን ልጅ የት አደረስሻት?" አለችኝ።

"የቷን ልጅ?"

"የደምበጫዋን ነዋ! እናትና አባቷ ተጣልተው፣ አባቷን ከፈረስ ቤት ልትመልስ የሄደችውን። የጤምጫ ወንዝ ሞልቶባት አባትየው ከማዶ ቆሞ ይጮሃል፣ እሷ በውኃው ጩኸት አትሰማውም። እዚያ ላይ አድርሶን ሞተ እኮ!"

በየሳምንቱ እህላቸው እስኪፈጭ የልጅቷን ታሪክ ቁራጭ ቁራጭ እያደረግህ ስትነግራቸው ኖረሃል ለካ። "ባለቤቴ ከመጽሐፍ አንብባ ያወጋችኝ ነው ይለን ነበር" አለችኝ።

ቤት ገብቼ መጽሐፎቼን አንድ በአንድ ገለጥኩ። የለም። እንዲህ ያለ ታሪክ አንብቤም ነግሬህም አላውቅም። ያንተው ነው ይበልጣል። ለምን በኔ ስም እንዳደረግኸው አላውቅም። ከመጽሐፍ ነው ካልኩ ያምኑኛል ብለህ ይሆናል። ሚስቴ የምታወጋኝ ሴት ናት ለማለትም ይሆናል፤ ይህን ሳስብ መቀመጥ ያቅተኛል። ከዚህ የባሰም አለ። ምናልባት ማታ ማታ ለኔም ነግረኸኝ ይሆናል። ምናልባት እስከ መጨረሻው። "እሺ" ብዬህ ይሆናል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚፈጭ ሳልይዝ ተመለስኩ። ለሴቶቹ ታሪኩ የራስህ መሆኑንና መጨረሻውን እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ከዚያ አባትየው ምን ብሎ እንደጮኸ ክርክር ተጀመረ።

"ተመለሺ፣ ውኃው ይወስድሻል ነው ያላት" አለች አንዷ።

"ምን በወጣው! እናትሽ ምን አለች ብሎ ነው እንጂ።"

"ወንድ አይደል እንዴ? ራት ምን ተሠራ ይሆናላ ያለው!"

አዲሱ ባለወፍጮ ጭቅጭቁ እንዳያመልጠው ሞተሩን አጠፋ። እኔ ጥግ ይዤ ተቀምጬ የእያንዳንዷን ፊት ሳይ ዋልኩ። እናትሽ ምን አለች ያለችው ሴት ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ፤ ለምን እንደሆነ እሷንም ሳልጠይቃት አልቀርም።

ቡሬ ላይ የማነበው ይህን የልጅቷን ታሪክ ነው። የባለወፍጮው የይበልጣል ታሪክ ነው ብዬ እጀምራለሁ፤ አጨብጭበው ምን ዓይነት ሰው ነበር ቢሉኝም አሁን የምነግራቸው አላጣም። የነገርከኝን ሁሉ አስታውሳለሁ ብዬ አልዋሽህም፣ አልሰማሁትማ። ግን ከሰሙህ ሰዎች እየጠየቅሁ እሰበስበዋለሁ፤ ያገኘሁትን አንዱንም አልረሳም።

ልጅቷን ወንዙ ዳር አድርሻታለሁ። አባቷ ከማዶ ይጮሃል። ምን እንደሚል ገና አልለየሁትም፤ መጽሐፌን ዘግቼ እያዳመጥኩ ነው።