አክስት ነኝ ያለችው ነብር

ሚያዝያ ፲፱፻፴ ዓ.ም.

የፍጥረት ሁሉ ጌታ የልዑል እግዚአብሔር ስሙ ይክበር።

ቡሬ ለምትኖረው ለምወድህ ልጄ ይድረስ። ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህና ሕፃናቱስ? እኔና እናትህ በእመቤታችን አማላጅነት በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

የእኅትህ ልጅ እታለም ጣሊያኖች ቡሬ ላይ ካቆሙት ትምህርት ቤት ለትንሣኤ መጥታ ነበር። አጠገቤ አስቀምጬ የነብሪቱንና የጥጃውን ተረት እነግራት ጀመር። ነብሪቱ የላም ቆዳ ለብሳ፣ የእናትህ እኅት ነኝና ወደ በረቱ አስገባኝ አለችው። ጥጃውም አክስቴ ከሆንሽ እስቲ እንደ ላም ጩኺ አላት ስል፣ እታለም አቋረጠችኝ። አባባ ተሳስተዋል፣ ጥጃውማ ሰገደላት፣ ከዚያ ወዲህ በረቱን የምትጠብቀው እሷ ናት አለችኝ። የለም፣ ላሞቹ ድምፅዋን ሰምተው በቀንዳቸው ከብበው አባረሯት ብላት ሳቀችብኝ። የእርስዎ እኮ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ የእኛ በማተሚያ የወጣ ነው ብላ መጽሐፉን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችኝ።

ልጄ፣ ዘመኔን ሁሉ ዳዊትና ወንጌል ስጽፍ ከብራናው የተረፈውን ቁራጭ እየሰፋሁ ለልጆች ተረት እንደምጽፍ ታውቃለህ። በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ያስጻፈው ሰው ስም እንደሚገባ ሁሉ፣ እኔም በእያንዳንዱ ቅጂ ለጥጃው የማወጣለት ስም የተጻፈለት ልጅ የቁልምጫ ስም ነው። የሁለት ልጆች ጥጃ በአንድ ስም ተጠርቶ አያውቅም። የታተመው መጽሐፍ ጥጃ የሚጠራው ግን እናትህ፣ እናትህ ብቻ፣ አንተን በምትጠራበት ስም ነው። ያ ስም ያለበትን ብራና ኩፍኝ ይዞህ ሳለ ከራስጌህ ተቀምጬ ጻፍሁልህ።

እናትህ ማን ወሰደው ብላ ጠየቀችኝ። ሌባ ነው አልኋት። ሌባ ከሆነ ስሙን ምነው ሳይለውጠው ቀረ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም።

ዛሬ ደግሞ ጭቃ ሹማችን ላቀው እየሳቀ መጣ። የጣሊያኑ ሹም መጽሐፉን እጅግ ወዶታልና ቅዳሜ ቡሬ ወርጄ በተማሪዎቹ ፊት እንዳነብ፣ ካባም እንደሚያለብሰኝ ነገረኝ። የኔታ፣ ካባውን ሲደርቡ እኛን ድሆቹን እንዳይረሱን ብሎም ቀለደብኝ። የሹሙ አስተርጓሚ አንተ እንደሆንህ የነገረኝም እሱ ነው፤ ደስ የሚለኝ መስሎት።

እመጣለሁ። የማነበው ግን እኔ የጻፍሁትን ነው፤ ላሞቹ እስኪነሡ፣ ነብሪቱም የለበሰችውን ቆዳ ጥላ እስክትሸሽ ድረስ። ዋጋው ምን እንደሆነ አላጣሁትም፤ ባለፈው ወር ገበያው መካከል በተሰቀሉት ሰዎች ፍትሐት ላይ ቆሜያለሁ።

ሹሙ ሽማግሌው ምን አለ ብሎ ወደ አንተ ይዞራል። እውነቱን ብትነግረው እኔን አሳልፈህ ትሰጣለህ፤ ሐሰት ብትነግረው ራስህን፤ ልጆቹ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማሉና። ከአብራኬ የወጣህ ነህና ይህ ቃል በአንተ አፍ እንዲያልፍ አልፈቅድም። ቅዳሜ ጠዋት አመመኝ በልና ከመኝታህ አትነሣ። ሌላ አስተርጓሚ ይቁም። የምለምንህ ይህን ብቻ ነው፤ ብራናውን ማን እንደወሰደ አልጠየቅሁህም፣ አልጠይቅህምም።

አምላከ አብርሃም ቤትህን በምሕረቱ ይጠብቅልህ፤ ትዳርህን ያጽናልህ፤ ልጆችህን በፊትህ ቀና ብለው የሚሄዱ ያድርግልህ። አሜን።

የማይለወጥልህ አባትህ