«እንመታለን» የሚለውን ቃል ላጠበቁልን ኃላፊ

ለክቡር አቶ ይስማው፣
የቀበሌያችን የሰላምና ጸጥታ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለወገብዎ ብርታትን፣ ለዓይንዎ ብርሃንን፣ ለጆሮዎም ምሕረትን ፈጣሪ እንዲያበዛልዎ እመኛለሁ። እኔ ከቀኝ ትከሻዬ በቀር ደኅና ነኝ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት በገበያ የሚናፈስ አንድ ወሬ ላርም። የብርጓል በጊዮርጊስ ዕለት በምርኩዟ የሚሊሺያ ጥርስ አወለቀች ይባላል። ስሕተት ነው። እኔ ምርኩዝ አልይዝም፤ በእጄ የነበረው ጃንጥላ ነው። የተመታውም ጥርስ ሳይሆን አፍንጫ ነው። ሚሊሺያው መሬት ላይ በወደቀች ሴት ላይ ዱላውን ደግሞ ሲያነሣ ስላየሁት፣ አፍንጫውን መርጬ መታሁት፤ ጓደኛውም ትከሻዬን መረጠ። የቀረው ወሬ ትክክል ነው።

እንደሚያውቁት፣ ከቤቴ ትይዩ ባለው የሕንጻ ሥራ ላይ ድንጋይና ሲሚንቶ የሚሸከሙት ሰዎች ገሚሶቹ ከቁይ ከተማና ከአካባቢው ገጠር፣ ገሚሶቹ ከወላይታና ከከምባታ የመጡ ናቸው። ካቦው በፌሮ ብረት ጀርባቸውን ይላቸዋል፤ ከሩቅ የመጡትንም፣ መታወቂያ የላችሁ፣ ዘመድ የላችሁ፣ ለማን ልትከሱ ነው እያለ ይሣለቅባቸዋል። ስለዚህ ማኅበር መሠረቱ። የሠራተኞች ቀን ሚያዝያ ሃያ ሦስት የጊዮርጊስም ዕለት ስለሆነ፣ ሁለቱን አንድ አድርገን ጎረቤቱን ጠርተን በግቢዬ ለማክበር ተስማማን። በግ ታረደ፣ ድፎ ተደፋ፣ ከበሮ ተለመነ። እኔም በነጭ ጨርቅ ላይ በገዛ እጄ «እየሠራን እንመታለን» ብዬ ጻፍሁላቸው፤ እነርሱም በአጥሬ ላይ ሰቀሉት። ከዚህ በኋላ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ንባብዎ አመሰግናለሁ። በጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል የሚለይ ምልክት ስለሌለን፣ አንባቢ ከቃሉ ጋር የሰቀለውንም ሰው ማየት ይገባዋል። «እንመታለን» «መ» ሲላላ እኛ ሌላውን እንደበድባለን ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን ሌላው እኛን ይደበድበናል ማለት ነው። ጀርባው የሰነበረ ሰው ይህን ቃል ሲሰቅል የትኛውን እንደሚል በዚህ በቅኔ አገር ትናንት የገባ የቆሎ ተማሪ እንኳ አይስተውም። እርስዎ ግን አላልተው አነበቡትና አመፅ ነው ብለው ሰው ላኩ። የላኳቸው ሰዎች ደጄን ጥሰው በገቡ ጊዜ ቃሉን እንደሚገባው አጠበቁልን፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ያን ጨርቅ በስሕተት ያነበበ ሰው የለም።

ሁለተኛ፣ ስለ እንግዶችዎ ጠባይ አመሰግናለሁ፤ ሳይጠሩ መጡ እንጂ ከማዕዱ አንድ ቁራሽ አልቀመሱም፣ ረግጠውት አለፉ። ከበሮውን ያንጠለጠለው የቁዩ ልጅ ውበቱ ነበር። ከበሮም «ይመታል» ስለሚባል ተጠርጥሮ ይሆናል፣ መጀመሪያ ቆዳውን በሰደፍ ቀደዱት፤ ቀጥለው የልጁን ክንድ ከክርኑ በታች ሰበሩት። አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ሲወጣ አይቻለሁ። ውበቱ የጮኸው ኋላ ነው፤ በመጀመሪያ እንደ ሌላ ሰው ክንድ ያየው ነበር። በማግሥቱ በደም የራሰውን ዳቦ ስጠርግ ከመካከሉ ጥርስ አገኘሁ፤ የጥርሱ ወሬ ከየት እንደ ተነሣም ያን ጊዜ ገባኝ። የሚሊሺያው ሳይሆን የአንድ ሲሚንቶ ተሸካሚ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፤ ቢሮዎ ለጌጥ ከፈለገው እልካለሁ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስሙን ለማላውቀው፣ ግን በሥርዓት ላደገው ሰውዎ ይድረስልኝ። ሄለን የማኅበሩ ሰብሳቢ ናት፤ ከሶዶ መጥታ በግቢዬ ተከራይታ የምትኖር፣ ጭቃ ተሸክማ ውላ ማታ ውኃዬን የምትቀዳልኝ ሴት ናት። የወደቀችውም እርሷ ነበረች። ልሸፍናት በላይዋ ጎንበስ ስል ይህ ሰው ትከሻዬን በቀስታ ይዞ፣ «እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አለኝ። ፈቀቅ አልልም ስለው ሌላው ጎትቶ አነሣኝ፤ ጨዋው ልጅ በተገኘለት ቦታ ሆዷን ሦስቴም አራቴም ረገጠ። ከዚያ በጸጉሯ ጎትተው መኪና ላይ ጣሏት። እስከ ዛሬ በእጅዎ ናት።

አሁን ደግሞ በነገው የመጀመሪያ አውቶቡስ «ወደ መጣችበት» እንድትሸኝ እንዳዘዙ ሰማሁ። እርሷ መሄድ አትፈልግም፤ የበደለችውም ሰው የለም። እርሷ ከሄደች ማኅበሩ እንደሚበተን፣ ካቦውም ብረቱን ያለ ሥጋት እንደሚያነሣ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሰው ሁሉ ወደ መጣበት ይመለስ ከተባለ እርስዎም ከይጁቤ የመጡ ነዎት፤ ነገር ግን ይጁቤዎች ምን በድለውን ነው ይህን የምንልክባቸው ብዬ ዝም ብያለሁ።

በጥበቃዎ ሥር በሕይወት በመገኘቴ እየተደነቅሁ፣ ትከሻዬ እስከ ፈቀደልኝ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

የብርጓል ባዘዘው
ደብረ ማርቆስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰው ልከው እንዳያደክሙ፣ ነገ በመጀመሪያ የማደርገውን እነሆ። ገና ሳይነጋ ኪዳን እደርሳለሁ። ከዚያ ለሄለን ሹራቧንና ጫማዋን እይዛለሁ፤ ባዶ እግሯን ነውና የወሰዷት። ከዚያ ከሰፈሩ ሴቶችና ከሠራተኞቹ ጋር መናኸሪያ እገባለሁ። በርጩማዬን ከአውቶቡሱ የፊት ጎማ ፊት አስቀምጬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ እቀመጣለሁ፤ እርሷ ሳትወርድ አልነሣም። እርስዎም በትእዛዝዎ የሚያምኑ ከሆነ ይምጡ፤ በጎማውና በእኔ መካከል ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትቼልዎታለሁ።