የዶክተር የሻረግ ምንይችል ዕረፍትና ከእስቴ ወገኖቻችን የምንለምነው

የላይ ጋይንት የእናቶች ጤና ባለሙያዎች ማኅበር፣ መሥራች አባሉ የማኅፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቷ ዶክተር የሻረግ ምንይችል ከትናንት በስቲያ በድንገተኛ ሕመም በማረፋቸው ከባድ ሐዘን ላይ መውደቁን ለአባላቱና ለሕዝቡ ያስታውቃል። የእስቴ የሥራ ባልደረቦቻቸው ትናንት ባወጡት መግለጫ «የእስቴዋ ልጃችን» ብለዋቸዋል። ቀድመው ስለጻፉ ብቻ የእነሱ አይሆኑም! ዶክተር የሻረግ በእኛዋ ንፋስ መውጫ ተወልደው፣ እዚሁ ፊደል ቆጥረው ያደጉ ናቸው።

በ2004 ዓ.ም. ማኅበራችንን ሲመሠርቱ ቢሮ ስላልነበረን ስብሰባው በእናታቸው ቤት ይካሄድ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. በምደባ ወደ እስቴ ከተማ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ፣ ሄዱ። ለጊዜው ነው ተብለን ነበር፤ እስቴ ግን ይዛ አስቀረቻቸው። በዚያ ማዮማ፣ ማለትም የማኅፀን እጢ፣ ያለባት ሴት «ማኅፀንሽ ይውጣ» እንዳትባል ፈርታ ደሟ እየፈሰሰ ቤቷ ትቀመጥ ነበር። ዶክተር የሻረግ እጢውን ብቻ እያወጡ የብዙዎቹን ማኅፀን አተረፉ።

በ2013 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተመራማሪዎች ጋር የዘረመል ሕክምና ጥናት ጀመሩ። የእጢውን ሕዋስ የሚገድል ዘረመል፣ በሽታ እንዳያመጣ በተዳከመ ቫይረስ ተጭኖ እጢው ውስጥ ቢገባ ሴቲቱ ሆዷ ሳይቀደድ ትድን እንደሆነ ለማየት ነው። ሙከራው ገና በላቦራቶሪ ነው፤ ሴት ላይ አልደረሰም። በቀዶ ሕክምና የወጣ እጢያቸው ለጥናቱ እንዲውል የፈቀዱት እናቶች ሁሉ የእስቴ ናቸው። አዎ፣ ቀንተናል። የጋይንት ሴት ማዮማ የላትም ወይ እስከ ማለት ደርሰን ነበር።

ቀብራቸው በትውልድ ከተማቸው እንዲፈጸም እናታቸውን ወይዘሮ ተሾመችን ለመለመን ሽማግሌዎች ልከን ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ግን ከእኛ የቀደሙ የእስቴ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከወይዘሮዋ ጎን ተቀምጠው ነበር። ወይዘሮ ተሾመችም፣ «እኔ የወለድኩት እሷን ብቻ ነው። በእሷ እጅ ልጅ ያገኘው ግን ይኸው እዚህ ተቀምጧል። ከእነዚህ ቀምቼ የት ላድርሳት?» አሉ። ሽማግሌዎቹም የቀብሩን ሰዓት ጠይቀው ተመለሱ።

ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት መካነ ኢየሱስ ይፈጸማል። ማኅበሩ ለወይዘሮ ተሾመች፣ ለዘመዶቻቸውና ጥናቱን ለሚቀጥሉት ባልደረቦቻቸው ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ይላል።

የእስቴ ወገኖቻችን ሆይ፣ ክርክራችንን ትተን እንመጣለን። አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ለእኛም ተራ ስጡን። ጥቂት መንገድ እንሸከማት።