ተገልብጦ የታተመው የበግ ቆዳ

ማክሰኞ

ጽሑፋችንን ካወጣው የውጭ አገር የምርምር መጽሔት ደብዳቤ መጣ። መጽሔቱ ላይ ካወጣናቸው ፎቶዎች ሦስተኛውና አራተኛው አንድ ናቸው፣ አንዱ ተገልብጧል ይላል። አየሁት። እውነት ነው! የበግ እከክ መድኃኒታችን ያዳነው ቆዳና «ከወራት በኋላ» የተባለው ቆዳ ያው አንድ ቆዳ፣ ያው አንድ ጠባሳ። ወይ አስረዱ፣ ወይ ጽሑፋችሁን ከመጽሔቱ አንሱ ተብለናል። አራተኛ ፎቶ ኖሮን አያውቅም። ምኑን እናስረዳ? የመጀመሪያ ጽሑፌ ነበር።

ረቡዕ

ነገሩ ተገኘ። ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ጓድ ታረቀ ሰሌዳው ላይ ለፎቶ አራት ቦታ አስምሮ ኖሯል። ያለን ሦስት ነው። «በባዶ ቦታ በዓል አይከበርም» ብሎ፣ ፎቶ አንሺያችን አቶ መኮንን አንዱን ገልብጠው እንዲያጥቡ አዘዘ። መግለጫውን ራሱ ጻፈ። ከበዓሉ በኋላ ለመጽሔቱ ሌላ እንዳይታጠብ የፎቶ ወረቀት ጠፋ። ዶክተር፣ አለቃዬ፣ አራቱንም ከሰሌዳው ልጠው ከነመግለጫቸው ለመጽሔቱ ላኩ። እኔ ሐረርጌ በግ ሳሳድድ! አንድ ጊዜ እንኳ አያዩትም? ተቃጠልኩ።

ከሰዓት ጓድ ታረቀ ለዓርብ ስብሰባ ጠራ። «አሻጥረኛው ይጋለጣል» አለ። ራሱ ያዘዘውን! አሻጥረኛ የተባለ ሰው ደግሞ የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን።

ሐሙስ

አቶ መኮንን ብርድ ልብስ ይዘው ሥራ ገቡ። «ልጄ፣ ከወሰዱኝ የጨለማ ክፍሉን ቁልፍ ለዶክተር አስረክቢልኝ» አሉኝ። እኚህ ሰው አሁንም ስለ ቁልፍ ያስባሉ።

ዶክተር ዘንድ ገባሁ። «ጽሑፉን ካነሳን ጥፋተኞች ነን ማለት ነው» ይላሉ። ነና! ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝም። ካድሬው እንዳዘዘ ይናገሩ ስላቸው ጣራ ጣራውን አዩ። እኔም ብሆን አልናገርም፤ ፈሪዎች ነን። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

«ግለ ሂስ ያድርጉ። ሳያዩ የላኩት እርስዎ ነዎት፤ እሱን ብቻ ይናገሩ። ራሱን የሄሰ ሰው ካለ ሌላ ጥፋተኛ አይፈልጉም» አልኳቸው።

«አስብበታለሁ» አሉ። ያስቡ እንግዲህ!

ዓርብ

ጓድ ታረቀ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ለፈለፈ፣ ለፈለፈ። ዶክተር መሬት መሬት ያያሉ። በሆዴ ስሰድባቸው ቆየሁ። «አቶ መኮንን፣ ይነሱ!» ሲባል ግን ብድግ ያሉት ዶክተር ናቸው።

«ሳላመሳክር የላክሁት እኔ ነኝ። ግለ ሂሴን አቀርባለሁ። ጽሑፉም ይነሳ።»

ቀድሞ ያጨበጨበው ማነው? ጓድ ታረቀ! «አርአያነት ያለው ግለ ሂስ» ብሎ ቃለ ጉባኤ አስያዘ። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት።

ጽሑፉ ይነሳ የሚለው ደብዳቤ ተፈረመ፤ ራሴ ፖስታ ቤት አስገባሁት። ከአቶ መኮንን ጋር ቦሌ ሚካኤል ድረስ አብረን ሄድን፤ ጎረቤታሞች ነን። ባለቤታቸው ከግቢው በር ላይ ቆመዋል። ሲያዩአቸው እዚያው ደፉ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ስለ ጽሑፌ ዛሬ አልናደድም። ነገ እናደዳለሁ።