ክብ ውስጥ ያለችው ቁጥር

ንፋስ መውጫ፣ የካቲት 2005 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የባሕር ዳር ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔና ባለቤቴ ካሣነሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። ሰሞኑን ስትደውዪ ስልኬን ያላነሣሁት አኩርፌ አይደለም፤ ድምፄ ተዘግቶ ነው።

ከላክሽልኝ የካሜራ ሚሞሪ ልጀምር። ሳሉ የአባታችንን ድምፅ ሳይጨርሰው የድጓ ዜማቸውን እንቅረጽ ብለን ስንጣደፍ፣ ሠላሳ ሁለት ጊጋ የሚል አይተሽ ገዛሽ። እታለም፣ የጤፍ ጆንያ አይደለም እኮ በትልቅነቱ የሚመረጥ። ፎቶ ቤት ያለው ዳኛቸው አገላብጦ አየውና፣ ሠላሳ ሁለቱ የሚይዘው ልክ ነው፣ ፍጥነቱን የምትናገረው ግን ክብ ውስጥ ያለችው ትንሿ ቁጥር ናት አለኝ። ያንቺው ባለ አራት ነው፤ ለዚህ ካሜራ ቪዲዮ ባለ አሥር ነበር የሚሻለው። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ እንስራ በይው። ካሜራው ሲያጣድፈው መዋጥ ያቅተውና ቀረጻው በራሱ ይቆማል።

ይህን ያወቅሁት ግን ከቀረጻው በኋላ ነው። አባባ ካባቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ደጅ ተቀመጡ። ጥቂት እንዳዜሙ ካሜራው ቆመ። ካቆሙበት ይቀጥሉ ብላቸው፣ ዜማ ከመሐል አይጀመርም ብለው አማተቡና ከመጀመሪያው ተነሡ። ደግሞ ቆመ፤ ደግሞ አማተቡ። ተማሪዎቻቸውን ሲያስተምሩም እንዲሁ ነበሩ፣ ታውቂያለሽ። በሦስተኛው ቀይዋ መብራት ስትጠፋ አየሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ላብ በላብ ሆነው ያዜማሉ። ላስቆማቸው አልቻልሁም። እስከ መጨረሻው ዘለቁት። ሲጨርሱ ገባ ወይ አሉኝ፤ ገባ አልኋቸው። እንግዲያ ለእህትህ ላክላት አሉ።

እንደዚያ ሲያዜሙ ሰምቼ አላውቅም። በቃሌ ልያዝልሽ ብል እንኳ ሐሳቤ ሁሉ መብራቷ ላይ ስለነበር መጨረሻው አልተያዘልኝም። ይኸው ነው የሚቆጨኝ።

ሚሞሪው እዚሁ ወረቀት ውስጥ ተጠቅልሏል። ሦስት ጊዜ ይጀምራሉ፤ አንድም ጊዜ አይጨርሱም። ካሣነሽ በስልክ ነግራሽ ገዝቻለሁ ያልሻትን ባለ አሥሩን ግን አትላኪው። ደክሞኛል፣ እታለም።

ቅዳሜ ማለዳ አጎታችን ይርጋና የንስሐ አባትሽ ቤትሽ ይመጣሉ። ሥራ አትግቢ፤ ጠብቂያቸው። ጎረቤትሽም አብራሽ ትሁን።

እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ታናሽ ወንድምሽ