በጆሮ የገባ የሰሊጥ ዘይት

ይድረስ ለልጄ ለፊሊጶስ፣ ካይሮ። እመቤቴ ትጠብቅህ፤ ያንን የሰጎን አንገትህንም ሥጋ ታልብስልህ።

እኛ ገዳሪፍ ደህና ነን፣ ከግራ ጆሮዬ በቀር። የድሮው ሕመሜ ሲነሣ ጎረቤታችን ዙሌካ «የሰሊጥ ዘይት ለብ አርገሽ ጨምሪበት፣ ወላሂ ይሻልሻል» አለችኝ። ብጨምረው ጉሮሮዬ ላይ ቀመስኩት! በጆሮው የሚቀምስ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

ሐኪሙ «ታምቡሩ እንደገና ተቀዷል። ሁለት ወር ውኃም ዘይትም እንዳይነካው፤ አለዚያ በዚህ ጆሮ መስማቱን ይርሱት» አለኝ። አሁን ስታጠብ ቫዝሊን በተቀባ ጥጥ እደፍነዋለሁ። ዙሌካም ሐሜቷን ይዛ በቀኝ በኩል ትመጣለች።

አንተም የወረስከው የእኔን ጆሮ ነውና አባይ ውስጥ አትዝለል።

መንገድህን ያቅናልህ። ሁለቱ ወር ሲያልቅ ደውልልኝ፤ ስልኩን በግራ ጆሮዬ ላይ አድርጌ መዳኔን በድምፅህ ልፈትን። ብቻ እንዳትዘፍንልኝ፣ መልሰህ ትቀደዋለህ።

እናትህ ሙሉወርቅ